የፍራፍሬ ሥዕል ለመቀባት ምን ይሻላል? እርሳስ፣ ማርከር፣ ውሃ ቀለም ወይስ ስልክ

ከለር ሊገዛ ስቴሽነሪ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። እኔ ግን ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር እንድትወስኑ እፈልጋለሁ። መቀባት የፈለጋችሁት ለማረፍ ነው ወይስ የራሳችሁን ነገር ለመፍጠር? ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ግን የሚፈልጉት ዕቃ፣ ሥዕል፣ ወረቀቱ ሳይቀር ይለያያል።

ለማረፍ የሚቀባ ሰው ብዙ ውሳኔ አይፈልግም። ቀኑን ሙሉ ሲወስን ውሏል። መስመሩ ተሰምሮ፣ ቦታው ተከፋፍሎ ቢጠብቀው ደስ ይለዋል። ለመፍጠር የሚቀባው ደግሞ ሁሉም ነገር ተወስኖ ከጠበቀው ቶሎ ይሰለቸዋል።

ይሄን የምለው በግምት ብቻ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ከሪ እና ካሰር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 84 የኮሌጅ ተማሪዎችን በሦስት ቡድን ከፈሉ። ለአንዱ ቡድን ማንዳላ የሚባለውን ክብና ዝርዝር የበዛበት ንድፍ ሰጡ። ለሁለተኛው መስመሮች የተጠላለፉበት ባለ አራት ማዕዘን ንድፍ፣ ለሦስተኛው ባዶ ወረቀት። ንድፍ የደረሳቸው ጭንቀታቸው ቀለል አለ። ባዶ ወረቀት የደረሳቸው ግን ያን ያህል እፎይታ አላገኙም። አይገርምም፤ ለተጨነቀ ሰው «አሁን ምን ልሣል?» የሚለው ራሱ አንድ ጭንቀት ነው።

በሌላ በኩል ጊሪጃ ካይማልና ባልደረቦቿ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የተዘጋጀ ንድፍ መቀባትን የሥነ ጥበብ ቴራፒስት ባለበት የፈለጉትን በነፃ ከመሥራት ጋር አነጻጽረዋል። ውጥረት በሁለቱም ቀንሷል። ስሜትን በማነቃቃትና «እችላለሁ» የሚለውን እምነት በማሳደግ ግን ነፃው ሥራ በልጧል።

ዝርዝር የበዛበት የፍራፍሬ ሥዕል በነዚህ በሁለቱ መሃል የሚገኝ ነው። መስመሩ ተሰጥቷችኋል፤ ቀለሙ የእናንተ ነው። ለዚህ ነው የምወደው። ሕክምና ግን አይደለም። እንቅልፍ የሚነሳ፣ ከሰው የሚያገል ጭንቀት ያለበት ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

የምጽፈው ከጅማ ስለሆነ ምሳሌዎቼም ከዚሁ ናቸው። እዚህ ሞዴል ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ሄርማታ መርካቶ ወርዶ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሙዝ ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። እያዩ መቀባት፣ ሲጨርሱ መብላት።

የትኛውን ፍሬ ልቀባ?

ብዙ ሰው ከመሣሪያው ይጀምራል። እኔ ከፍሬው እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ሥዕሉ ራሱ መሣሪያውን ይመርጣል።

ለማረፍ አናናስን የሚያህል የለም። ቅርፊቱ ላይ ያሉት ዓይኖች ዝም ብለው የተበተኑ አይደሉም። እየተጠማዘዙ በሚወጡ መስመሮች ተሰልፈው ነው ያሉት። በአንዱ አቅጣጫ ብትቆጥሩ ብዙ ጊዜ 8 መስመር፣ በሌላው አቅጣጫ 13 ታገኛላችሁ። እያንዳንዷ ዓይን በፊት ለብቻዋ አበባ ነበረች። አበቦቹ ወደ ፍሬ ሲለወጡ ተጣብቀው ነው አንድ አናናስ የሚወጣቸው። ይሄ ለሚቀባው ሰው ምን ይጠቅመዋል? አንዷን ዓይን እንዴት እንደምትቀቡ ከወሰናችሁ የቀረው ድግግሞሽ ነው። መሃሏ ቡናማ፣ ዙሪያዋ ብርቱካናማ፣ ጠርዟ ላይ ትንሽ አረንጓዴ። ቀጥሎ ያለችውም እንደዚያው። ጥቂት ረድፍ ስትሄዱ እጃችሁ ሥራውን ይለምደዋል፣ ሐሳባችሁም ይረጋጋል። አናናስ የሚበስለው ከታች ወደ ላይ ስለሆነ የታችኞቹን ዓይኖች ወርቃማ፣ ወደ ቅጠሉ የተጠጉትን አረንጓዴ አድርጓቸው። ይህቺ ብቻ ሥዕሉን ነፍስ ትዘራበታለች።

የተቆረጠ ፓፓያ ደግሞ ከሁለቱም ዓለም ነው። አግድም ከተቆረጠ መሃሉ ላይ ያለው ክፍተት አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ቅርጽ ይይዛል። ዘሮቹ ለማረፍ ይሆናሉ፤ ሥጋው ቀለም ማዋሃድን ያስተምራል። ዘሩን ግን ጥቁር ነው ብላችሁ በጥቁር ብቻ አትድፈኑት። አንዷን ዘር በጣታችሁ ያዙና መስኮት አጠገብ እዩዋት። በስስና ውሃ ባዘለ ሽፋን ተጠቅልላለች። ጥቁረቷ ወደ ግራጫ፣ አንዳንዴም ወደ ጥቁር አረንጓዴ ያደላል። አንድ ጎኗ ላይ ትንሽ ነጭ የብርሃን ነጥብ አለች። ያቺን ነጥብ ሳትቀቡ ከተዋችኋት ዘሯ ከወረቀቱ ላይ የምትለቀም ትመስላለች።

አቮካዶ ቀለምን ከቀለም ማዋሃድ ለሚፈልግ ሰው ነው። ከቅርፊቱ ሥር ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ፈዘዝ ያለ፣ ዘሩ አጠገብ ሲደርስ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ይሄን በደንብ ለመረዳት ጁስ ቤት ገብታችሁ ስፕሪስ እዘዙ። ከመጠጣታችሁ በፊት ብርጭቆውን ከጎን እዩት። አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው ተደራርበው ይቀመጣሉ። የሚገናኙበት ቦታ ግን በማስመሪያ የተሰመረ አይደለም። አንዱ ወደ አንዱ ይገባል። አረንጓዴውና ብርቱካናማው በተነካኩበት ላይ ሦስተኛ ቀለም ይፈጠራል። በእርሳስ ልትሠሩት የሚገባው ያንን ሦስተኛ ቀለም ነው። የቅርፊቱ ቀለም ብዙ አያስጨንቃችሁ። ሃስ የሚባለው ዝርያ ሲበስል ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊ ጥቁር ይለወጣል፤ ፉዌርቴ ቢበስልም አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ሁለቱም ያስኬዳሉ።

ማንጎ ለመፍጠር ከሚመረጡት ውስጥ ነው፤ ዝርዝር መስመር ስለሌለው ሁሉም ነገር በእናንተ እጅ ነው። ፀሐይ ያገኘው ጎን ቀላ ይላል፣ ሌላው አረንጓዴ ወይም ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። የቢጫን ጥላ በጥቁር አትሥሩ። ጥቁር ቢጫ ላይ ሲያርፍ ወደ ቆሻሻ አረንጓዴ ይለወጣል፤ ማንጎው የተበላሸ ይመስላል። መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቡናማ፣ በጣም ጠለቅ ያለው ቦታ ላይ በስሱ ሐምራዊ ጣል አድርጉበት። ለቀይ ፍሬም እንደዚሁ፤ ጥላውን በጥቁር ፋንታ በጠቆር ያለ አረንጓዴ ሞክሩት።

ሙዝ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ሰፊ ባዶ ቢጫ ነው፤ እጅ ትንሽ ካልተስተካከለ ሁሉም ስህተት ይታያል። ለጀማሪ አልመክረውም። ጊሽጣ በቅርፊቱ ጉብታዎች ምክንያት የአናናስን ሥራ ይሠራል፣ በትንሹ።

ጅማ ቁጭ ብሎ ቡናን መርሳት ግን አይሆንም። ቡናም የትሮፒክ፣ ማለትም የሞቃት አገር ፍሬ ነው፤ ያውም ለቀለም እጅግ የታደለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት አንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ደማቅ ቀይ ፍሬ አንድ ላይ ታገኛላችሁ። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፣ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ሞገድ አለው። ቅጠሉ ላይ ያሉትን ደም ሥር መሰል መስመሮች ተከትሎ መቀባት የአናናስን ያህል ያሳርፋል። ቀዩ ፍሬ ላይ ደግሞ ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ሳትቀቡ ነጭ መተው አለባችሁ፤ እሸት ቡና ለስላሳና አንጸባራቂ ነው። ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና ከሆነ ግን ብርሃኑን አጥፉት። ቡናማ ላይ ጥቁር ደርቡ፣ ገጽታውን ሻካራ አድርጉት። እንዲህ ያለ የቡና ቅርንጫፍ ሥዕል ከተገኘ ከአናናስ አስቀድሜ እመርጠዋለሁ።

በምንስ ልቀባ?

ዝርዝር ለበዛበት የፍራፍሬ ሥዕል የኔ ምርጫ ባለቀለም እርሳስ ነው። ምክንያቱም ሁለቱንም ዓላማ ያገለግላል። እርሳሱ ውስጥ ያለው ቀለም በሰም ወይም በዘይት የተያዘ ነው። ስለዚህ ቀስ እያላችሁ ንብርብር በንብርብር ትደርባላችሁ። ቀላል እጅ ይኑራችሁ። መጀመሪያ ፈዛዛውን፣ ከዚያ ጠቆር ያለውን። ገና ከጅምሩ ተጭናችሁ ከሞላችሁት ወረቀቱ ሌላ ቀለም አይቀበልም፤ እጃችሁም ይደክማል። ሰም የበዛበት እርሳስ በወፍራሙ ሲደረብ ከቀናት በኋላ ነጣ ያለ ጉም ሊያወጣ ይችላል። አትደንግጡ፤ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብሎ መጥረግ ነው።

ባለ 12፣ ባለ 24 ወይስ ባለ 36 ቀለም ፓኬት? ለማረፍ ብቻ ከሆነ 12 ይበቃል። ምርጫ ሲያንስ ሐሳብም ይቀንሳል። ለፍራፍሬ ግን 24 ላይ ብትቆሙ ጥሩ ነው፤ ሁለት ሦስት ዓይነት አረንጓዴና ሁለት ዓይነት ቢጫ የምታገኙት እዚያ ላይ ነው። 36 ከመግዛት ጥሩ ጥራት ያለው 24 መግዛት ይሻላል። ሱቅ ውስጥ የእርሳሱን ጫፍ ተመልከቱ። ቀለሙ ከእንጨቱ መሃል ወጣ ካለ ሲቀረጽ ይሰበራል። ካስፈቀዷችሁ ወረቀት ላይ ጫር አድርጉት። ቀለም ሳይሰጥ ወረቀቱን የሚቧጭር ከሆነ መልሱት። ጥሩ መቅረጫ ለብቻው ግዙ። እርሳሱንም አትጣሉት፤ ሲወድቅ ውስጡ ይሰባበርና በቀረጻችሁት ቁጥር ይረግፋል።

ማርከር ደማቅና ፈጣን ነው። ቶሎ ጨርሶ ማየት የሚፈልግ ሰው ይወደዋል። ግን ስህተቱ አይታረምም፣ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ቀለም መሄድም ከባድ ነው። የአናናስ ቅጠል ላይ፣ የተቆረጠ ብርቱካን ላይ ያምራል። ማንጎና አቮካዶ ላይ ግን ፍሬውን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። በአልኮል የተሠራው ማርከር ወረቀት ያሳልፋል፤ ከሥር ሌላ ወረቀት አድርጉ፣ ሽታ ስላለው መስኮትም ክፈቱ።

ውሃ ቀለም ለፈጠራ ከሁሉም ይበልጣል። ቢጫው ሳይደርቅ ቀይ ስትነኩበት ሁለቱ ራሳቸው ተገናኝተው የማንጎውን ጉንጭ ይሠሩላችኋል። እናንተ ጀመራችሁት እንጂ ሙሉ በሙሉ አላዘዛችሁትም። ይሄ ነገር ለአንዳንዱ ደስታ ነው፣ ለአንዳንዱ ጭንቀት። ራሳችሁን ታውቃላችሁ። የጅማን አየር ግን አስቡበት። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚያገኝ ከተማ ነው፤ በክረምት ወረቀቱ ራሱ እርጥበት ይይዛል፣ ቀለሙም ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳል። ትዕግሥት ከሌላችሁ በጋ ላይ ጀምሩት። ትንንሽ ዝርዝር የበዛበትን ሥዕልም በውሃ ቀለም አትሞክሩ፤ ወይ ሰፋ ያለ ሥዕል ምረጡ፣ ወይ በውሃ የሚሟሟውን እርሳስ ተጠቀሙ። እሱ በእርሳስነቱ ዝርዝሩን ያስይዛችኋል፣ በብሩሽ ሲነካ ደግሞ ይፈታል።

ክሬየን ለዚህ ሥራ ጫፉ ወፍራም ነው። ለልጆች ተዉት።

ስልክ ላይ ያሉት የማቅለሚያ አፖች ነገር ሰው የሚከራከርበት ነው። ጥቅማቸውን አልክድም። ወረቀት የለ፣ ከለር የለ፣ ስህተት በአንድ ንክኪ ይመለሳል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ስትመጡ እርሳስ መያዝ አይታሰብም፤ ስልክ ግን ይሆናል። ዓይናቸው ለደከመ ሰዎችም ሥዕሉን ማጉላት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም ብዙዎቹ አፖች ቁጥር እየነኩ ቦታ መሙላት ናቸው። እጅ አይሠራም፣ ግፊት የለም፣ ቀለም መደረብ የለም። በዚያ ላይ መሃል ላይ የቴሌግራም መልእክት ዱብ ይላል፤ ዕረፍቱም እዚያ ላይ ያበቃል። ስልክ የምትመርጡ ከሆነ ዳታውን አጥፉት። ለፈጠራ ከሆነ ደግሞ በቁጥር የሚሞላውን ትታችሁ በጣት ወይም በስክሪን ብዕር የሚቀባበትን ፈልጉ።

ስለ መብራትም ላንሣ። ማታ በቢጫ አምፖል ወይም በሻማ የምትቀቡ ከሆነ ቢጫው ቀለም ነጭ ወረቀት ላይ አይታያችሁም። ያልተቀባ መስሏችሁ ትደራርቡታላችሁ፣ ጠዋት ስታዩት ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሙዝና ማንጎን ለቀን አቆዩ። ማታ አረንጓዴውን ሥሩ።

መጽሐፍ፣ ኮፒ ወይስ የራስ ሥዕል?

የተዘጋጀ የማቅለሚያ መጽሐፍ ካገኛችሁ ምቹ ነው፣ ግን የምትወዱት ገጽ ጥቂት ሊሆን ይችላል። አንድ ገጽ ሲበላሽም ሁለተኛ የለውም። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉትን ኮፒ ቤቶች የምመርጠው ለዚህ ነው። የወደዳችሁትን መስመር ሥዕል ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሄዳችሁ ሦስት አራት ቅጂ ታሳትማላችሁ። በአንዱ ትሞክራላችሁ፣ በሌላው ትሠራላችሁ።

ኮፒ ቤት ስትገቡ ግን ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ ወረቀቱን። የተለመደው 80 ግራም (በካሬ ሜትር) ወረቀት ለእርሳስ ይሆናል፤ ለማርከርና ለውሃ ቀለም ስስ ነው። ከ160 እስከ 200 ግራም የሚሆን ወፍራም ካላቸው እሱን አስገቡልን በሏቸው። ውሃ ቀለም በብዛት የምትጠቀሙ ከሆነ ከዚያም ወፈር ያለ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ማሽኑን። ፎቶ ኮፒና ሌዘር ፕሪንተር የሚጠቀሙት ዱቄት ቀለም በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ስለሚጣበቅ ውሃ አያጠፋውም። የኢንክጄት ቀለም ግን ብዙ ጊዜ በውሃ ይፈስሳል፤ ብሩሽ ስታሳርፉበት ጥቁሩ መስመር ከቢጫው ጋር ይቀላቀላል። ለአልኮል ማርከር ደግሞ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል፤ አልኮሉ የሌዘሩን ዱቄት ሊያሟሟ ስለሚችል መጀመሪያ ዳር ላይ ሞክሩት። መስመሩን በጥቁር ሳይሆን በግራጫ ማሳተምም ይቻላል። ቀለሙ ሲያርፍበት መስመሩ ይደበቃል፣ ሥዕሉ የእናንተ ይመስላል።

ወረቀቱን በክረምት ዝም ብላችሁ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት። እርጥበት ሲገባው ይለሰልሳል፣ እርሳስ ሲጫነው ይቦጫጨቃል። በፕላስቲክ መያዣ ውስጥ አድርጉት።

የቀለም ምሳሌ የምትፈልጉ ከሆነ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ከ1886 እስከ 1942 እ.ኤ.አ. ያሠራቸው ከ7 ሺህ በላይ የፍራፍሬ የውሃ ቀለም ሥዕሎች በነፃ በኢንተርኔት ይታያሉ። የሚበዛው አፕል ነው፤ አቮካዶና ማንጎም አለበት። ሠዓሊዎቹ ጠባሳውንና ትል የበላውን ሳይቀር ሥለዋል። ፍሬ ንጹሕና አንድ ዓይነት ቀለም መሆን የለበትም፤ ሙዝ ላይ ቡናማ ነጥብ ጣል አድርጉ፣ አቮካዶ ላይ ጭረት።

የራሳችሁን መስመር መሣል ከፈለጋችሁ ደግሞ የፍሬውን ፎቶ በስልክ አንስታችሁ አሳትሙና መስኮት ላይ አድርጋችሁ በስስ ወረቀት ገልብጡት። ይሄ ኩረጃ አይደለም። ዓይን የሚሠለጥነው እንዲህ ነው። ለማረፍ የጀመረ ሰው ወደ ፈጠራ የሚሻገርበት ቀላሉ መንገድ ይሄ ይመስለኛል፦ የሰው መስመር በራሱ ቀለም፣ ከዚያ የራሱ መስመር በራሱ ቀለም።

አቀማመጥንም ችላ አትበሉ። የጅማ በርጩማ ለቡና ያምራል፤ ዝቅ ያለ ስለሆነ ግን ጎንበስ ብሎ ለመቀባት አንገት ይጎዳል። ጠረጴዛ ካለ ጠረጴዛ፤ ከሌለ ጭናችሁ ላይ ጠንካራ ጣውላ አድርጋችሁ ወደ እናንተ ዘንበል አድርጉት። እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ እጅ ይለቀቃል። በየመሃሉም ቀና ብላችሁ ራቅ ያለ ነገር እዩ።

ከልጆች ጋር የምትቀቡ ከሆነ ሁለት ቅጂ ይሁን። አንድ ሥዕል ላይ ሁለት ሰው ሲሠራ ልጁ ትልቁን ሰው መጠበቅ ይሰለቸዋል፣ ትልቁም ልጁን ማረም ይጀምራል። ልጁ ፓፓያውን ሰማያዊ ቢያደርገውም ተዉት።

የተጠናቀቀውን ሥዕል ለስጦታ ወይም ለግድግዳ ካሰባችሁ ይሄም ምርጫውን ይነካዋል። የብዙ ማርከሮች ቀለም ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ይደበዝዛል። ጥሩ እርሳስና ጥሩ ውሃ ቀለም የተሻለ ይቆያሉ፣ እነሱም ቢሆኑ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ግድግዳ ላይ። በእርሳስ የሠራችሁትን መስታወት ባለው ፍሬም ውስጥ አስገቡት። በማርከር የሠራችሁትን በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንስታችሁ አስቀሩት፤ ዋናውን ክላሰር ውስጥ አቆዩት።